አንድ ግድግዳ ለሁለት ቤት

ይህ አሁን የምኖርበት የብሎኬት ቤት ያስወጣኝ አንድ የጭቃ ግድግዳና አንድ ጎረቤት ነው። ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ የግንበኛውን ምሳ አልቆጥረውም። እሱ ነጋዴ የለመደው ወጪ ነው፤ ዛሬ ወጥቶ ነገ በሌላ በር ይገባል። ግድግዳውና ጎረቤቱ ግን በየትኛውም በር አልተመለሱም።

ንግዴ አሮጌ ዕቃ ነው። ወረታ ገበያ ዳር ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ በርና መስኮት፣ ጠርሙስ፣ ሰው ጣልኩት ያለውን ገዝቼ ፈለግኩት ለሚለው እሸጣለሁ። የተማርኩትም እዚያው ነው። በርሜል ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው አንኳኩቼ በድምፁ አውቃለሁ፤ ሰውንም እንደዚያው የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ደርግ በወደቀ ሰሞን ገበያዬ ደርቶ ነበር። የጥይት ሳጥን በጋሪ እየተጫነ ይመጣል፤ ጣውላው ጥሩ ስለሆነ ሰው ይሻማበታል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ጦርነት ለአገሩ የተረፈው በርና መደርደሪያ ነው እያልን እንስቅ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከሐጂ ጋር ጎን ለጎን የቤት ቦታ የተመራነው። ሐጂ ጨውና ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። መካ አልሄዱም። ሐጂ ብሎ የሾማቸው ገበያው ነው፤ እሳቸውም “ሐሳቡ ካለ መንገዱ አይጠፋም” ብለው ሹመቱን ሳይመልሱ ቀሩ። ቦታውን በገመድ ለክተን ችካል ስንመታ ቆም ብለው አዩኝ።

“ስማ አንተ ልጅ። አንተ በዚህ በኩል ግድግዳ ልታቆም ነው?”

“አዎ።”

“እኔም በዚህ በኩል ላቆም ነው። በመካከል የምትቀረዋ ቦታ ለማን ናት?”

“ለአይጥ ናታ።”

“እኮ! ለአይጥ መተላለፊያ ከምንሠራ አንድ ግድግዳ እናቁምና ሁለታችንም እንደገፈው።”

እንዲህ ሆነ። በመካከላችን አንድ ረድፍ የባህር ዛፍ ቋሚ ተተከለ። የእኔ ጣራ በዚህ በኩል፣ የሐጂ ጣራ በዚያ በኩል በዚያው ላይ አረፈ። ማገሩን ከሁለቱም ወገን መታንበት፤ ወደ እኔ የዞረውን ፊት እኔ ልመርግ፣ ወደ እሳቸው የዞረውን እሳቸው ሊመርጉ።

ጭቃው ቀላል ነገር አይደለም። የፎገራ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ለሩዝ እናት፣ ለቤት እንጀራ እናት ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ የበግ እግር ይውጣል። ስለዚህ ቀይ አፈር ከኮረብታው ጥግ በአህያ አስመጣን። የጤፍ ጭድ ገባበት፣ ውሃ ጠጣ፣ እየተረገጠ እየታደረበት ቆየ። ጭቃ መብሰሉ የሚታወቀው በጠረኑ ነው፤ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ሲይዝ ደረሰ ማለት ነው።

ለምርጊቱ ጅጌ ጠራን፤ ደቦ መሆኑ ነው። ቀኑን መምረጥ ራሱ አንድ ሥራ ነበር። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ሐጂ ረቡዕ ይሁን አሉ። “ረቡዕ ጾማችሁ ነው፤ ሥጋ ከሌለ የማን ቢላ ባረከው የሚባል ነገር የለም። ሽሮ ሃይማኖት የለውም።” ጠላ ለእኛ ወገን፣ ብርዝ ለእሳቸው ወገን ቀረበ። ብርዙ አጠገብ የበዛው ክርስቲያን ነበር። ሱሪያችንን ሰብስበን ጎን ለጎን ስንረግጥ ዋልን፤ ማታ ሐጂ ጉልበታቸው እምቢ አለ። በሳምንቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስጃቸው አብረን ተነከርን። ውሃው ውስጥ አንገታቸው ብቻ ቀርቶ፣ “አየህ፣ ቤት ሠሪ ሲያረጅ እንዲህ ይቀቀላል” አሉኝ።

የቀረው ከእኔ ግቢ ወጣ። በሩ የጥይት ሳጥን፣ መስኮቱ የተደበደበ በርሜል፣ ኮርኒሱ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት። ሐጂ ደግሞ ከሩዝ መፈልፈያው ደጅ የሚከመረውን እብቅ፣ ማንም የማይፈልገውን፣ አስመጥተው ኮርኒሱ ላይ አስነሰነሱበት። “ሙቀት አያስገባም፣ የዝናብ ጩኸት አያስገባም” አሉ። እውነታቸውን ነው። መተላለፊያ የነፈግናቸው አይጦች ግን ፎቅ አገኙ።

ግድግዳው ሳይደርቅ ሐጂ ከጠርሙሶቼ አንድ አረንጓዴ መርጠው እርጥቡ ጭቃ ውስጥ አጋደሙት፤ ቂጡ በእኔ በኩል፣ አፉ በእሳቸው በኩል። እሳቸው ኩራዝ ሲለኩሱ በእኔ ግድግዳ ላይ አንዲት አረንጓዴ ዓይን ትበራለች። ለሱብሒ፣ ለንጋት ሶላታቸው፣ ሲነሱ አያታለሁ። አንድ ቀን ሳትበራ ከቀረች፣ ሚስቴ “ሐጂ አሟቸው እንዳይሆን” ትለኛለች፤ ሄጄ አያለሁ። ዋጋ መጠየቅ ሲያምረኝ ግድግዳውን በጡጫ እመታለሁ።

“ጨው እንዴት ዋለ?”

“እንደ አንተ፤ ሲነኩት የሚሟሟ!”

በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እበትና አመድ ለውሰን ግድግዳዎቻችንን እናድሳለን። ሚያዝያ ላይ የወረታ ቆርቆሮ ሁሉ እንደ ምጣድ ሲግል፣ እኛ ቤት የገባ ሰው ለመውጣት ሰበብ ያጣል። ብዙ ዓመት ኖርንበት፤ ልጆቼ እዚያው አደጉ። ጥሩ ቤት ነበር ለማለት ግን እስኪፈርስ ጠበቅኩ።

ከጊዜ በኋላ የሩዝ ብር ከተማውን ያቀናው ጀመር። ትናንት በኩንታል የሚነግድ ዛሬ በመኪና፤ ትናንት በጭቃ የኖረ ዛሬ በብሎኬት። ገበያ ውስጥ አንድ ሩዝ ነጋዴ ባየኝ ቁጥር፣ “አንተ ሰው፣ ከበርሜልህ የምትወጣው መቼ ነው?” ይለኛል። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ሳቁ ግን ቤት ድረስ ይከተለኛል። ሚስቴ በበኩሏ የልጃችን ነገር ያሳስባታል። “ሽማግሌ ሲላክባት በጥይት ሳጥን በር ነው የምናስገባቸው?” አለችኝ አንድ ቀን። በሩን እኔው ነኝ የሠራሁት።

ለማፍረስ ወሰንኩ፤ ወሰንኩ እላለሁ እንጅ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሐጂ ተው ቢሉኝ እተዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ለሚስቴም ለሩዝ ነጋዴውም “ሽማግሌው አልፈቀዱም” ብሎ መገላገል ይቻላል። ሰበቡን ከእሳቸው ልወስድ ሄድኩ።

ሱቃቸው በር ላይ ከሚስታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሚስታቸውን እትዬ ነው የምላቸው፤ ቡና ይለቅማሉ።

“ሐጂ፣ ቤቱን በብሎኬት ልለውጠው አስቤ ነበር።”

“አልሐምዱሊላህ! እሰይ። ደግ አሰብክ።”

“ግድግዳው ግን ነገር አለው። የጋራ ነው።”

“ግድግዳ ምን ነገር አለው? ያኮርፋል?”

“አይ፣ እርስዎን የሚያስቸግር ከሆነ ብዬ ነው።”

“እኔን? እኔን ምን ያስቸግረኛል! ቤቱ ያንተ አይደለ ወይ? ሰው በቤቱ ጎረቤት ያስፈቅዳል?”

እትዬ ከቡናው ቀና አሉ። “እህ…” ብለው ጀመሩ።

ሐጂ ዘወር ብለው “ሻይ አምጭለት እንጅ” አሏቸው። እትዬ ተነሡ፤ የጀመሩት ሳያልቅ ቀረ። ሻዩን ጠጣን። ብርጭቆዬ እስኪያልቅ አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከብርጭቆዬ አልነቀሉም። ብርጭቆው አለቀ። “በሉ እንግዲህ” አልኩ። “በል፣ ይቅናህ” አሉኝ።

ግንቦት ላይ ከጋራው ግድግዳ በቀር ሁሉንም አፈረስኩ፤ እኛ ከግቢው ጥግ በአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ውስጥ ተጠጋን። ክረምት ሳይገባ ቢያንስ ጣራ አደርሳለሁ የሚል ስሌት ነበረኝ፤ ከዚያ ሲሚንቶ ጠፋ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ሰኔ ገባ። እኔ ያለኝ በጥቁሩ ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ የመሠረት ቦይ ብቻ ሆነ።

ሁለታችንም የዘነጋነው አንድ ነገር ነበር። ያ ግድግዳ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው ቤት ውስጥ ነው። የውጭ ግድግዳ የጣራ ክንፍ አለው፤ ዝናቡ ተሻግሮት ይወርዳል። የእኛው ግን ከሁለት ቤት መካከል ስለሆነ ክንፍ ተሠርቶለት አያውቅም። የእኔ ጣራ ሲነሣ፣ የኔ ሳሎን ግድግዳ የነበረው፣ ልጆቼ በከሰል የሣሉበት ፊት፣ ሜዳ ላይ ራቁቱን ቀረ። አሮጌ ቆርቆሮ ደገፍኩለት፤ ነፋስ ወሰደው። ሸራ አለበስኩት፤ ከሸራው ኋላ አላበው። የቆፈርኩት ቦይ ደግሞ ውሃ ይዞ ሥሩን ያጠጣል።

ልመርገው ሞከርኩ። በሐምሌ ምርጊት! ከሰማይ በታች ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በሐምሌ ጭቃ አይደርቅም። ጅጌ ለመጥራትም ዞርኩ። ያን ጊዜ አብረውን የረገጡት ሰዎች ግማሾቹ ሩዝ አረም ላይ ናቸው፤ ሌሎቹ “ለጭቃ?” ብለው እንደ ቀልድ አዩኝ። ቀይ አፈር የወሰድንበት ቦታም ቤት ተሠርቶበታል።

“ሐጂ፣ ይሄን ግድግዳ በብሎኬት ልሥራልዎት” አልኳቸው።

“ሲሚንቶ ከየት አምጥተህ? መጀመሪያ የራስህን ጨርስ።”

“እስከዚያ እኔ ጋ ይግቡ።”

“አንተ ጋ የት? ቦዩ ውስጥ?” ብለው ሳቁ። ያ ሳቅ የጤና አልነበረም፤ በርሜል ቢሆን ቀዳዳውን እሰማው ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ሁላችንም ሱቅ ላይ ሳለን፣ ግድግዳው ተቀመጠ። ወደቀ አልልም። ከሥሩ ሟሙቶ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ የሐጂ ጣራ ተከትሎት አጎነበሰ። ሰው አልተነካም። እብቁ ከኮርኒሱ ፈስሶ አልጋቸውን አልብሶታል። ሐጂ ገብተው አዩና፣ “አይጦቹ ምን ይውጣቸው ይሆን?” አሉ።

ልጃቸው የምትኖረው ሐሙሲት ከተማ ነው፤ እወስዳችኋለሁ ብላ መኪና ይዛ መጣች። ዕቃ ስንጭን ሐጂ ከሹፌሩ ጎን ገብተው ተቀምጠዋል። እትዬ ወደ ኋላ ቀሩ።

“ያን ዕለት” አሉኝ፣ “‘ልተወው ወይ?’ ብለህ ብትጠይቀው ምን ነበር?”

“ምን ይሉኝ ነበር?”

“ተው ይልህ ነበራ! ምን ይልሃል? ማታውን እንቅልፍ አልወሰደውም። ‘ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ፤ ሳይጠየቅ ግን ሰውን ቤት አትሥራ እንዴት ይባላል? ምቀኛ ይለኛል’ ሲል አደረ።”

“እትዬ፣ እኔም እኮ ተው ቢሉኝ ልተው ነበር የመጣሁት።”

እትዬ ነጠላቸውን ሰብስበው “እንግዲህ ሁለታችሁም ጨዋ ናችኋ” አሉና መኪናው ላይ ወጡ።

ቤቱ በዓመቱ አለቀ። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ ልጄ ተዳረች። በየትኛው በር እንደገቡ ያየ ሰው የለም፤ በክረምት ስለመጡ ጫማቸውን ሲጠርጉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የገቡት። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ሚስቴ ወንበር አውጥታ ደጅ ትውላለች። ዝናብ ሲዘንብ እየተጯጯህን ነው የምናወራው።

አንድ ጊዜ ሐሙሲት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሐጂ እየከሱ ነበር። ልጃቸው ደስ ብሏት ለስላሳ ከፈተችልኝ፤ ብርጭቆው በሳህን ላይ ሆኖ መጣ። ለጎረቤት ለስላሳ አይከፈትም። ስለ ሩዝ አወራን፣ ስለ ጨው አወራን፤ ስለ ግድግዳው ማንኛችንም አላነሣንም፤ ጨዋዎች ነን። ስወጣ ከልማዴ የተነሣ ግድግዳቸውን በጡጫ መታሁት። ብሎኬት ነው፤ እጄን አመመኝ እንጅ ድምፅ አልሰጠም። ሲሞቱ ቀብር ላይ ደረስኩ።

የእሳቸው ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። ቀዩን አፈር ዝናብ አጥቦ ወስዶታል። ጠርሙሱን ከፍርስራሹ ውስጥ ሳይሰበር አግኝቼው መስኮቴ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሊገዛው ጠይቆኛል።

ያለኝ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤትና አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ነው። ጎረቤት የለኝም።