በላካው ሥር የወጣ እጅ

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች አለን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ እስራኤል አገር፣ በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ብረት ቀለም ስረጭ የኖርኩ፣ ሙያውንም አስተማሪ ሳይኖረኝ እያበላሸሁ የተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ የጦር ሠራዊቱን ጥሪ ትጠብቅ ነበር። አራተኛው የባለቤቴ አባት ናቸው፤ በጎንደር ገጠር ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ ያረጁ፣ የቀኝ እጃቸውን የቀለበት ጣት እኩሌታ መዶሻ የወሰደባቸው ሽማግሌ። ነገሩ የተሠራው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው። የታየው ከሞቱ በኋላ ነው።

ልጄ አንድ አሮጌ የብስክሌት ፍሬም ገዝታ ጊቫት ሃሞሬ ወዳለው ቤታችን ተሸክማ መጣች። ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ ተልጧል።

«አባ፣ ቀለም እንዳትቀባው። ላካ ብቻ። ብረቱ ራሱ ይታይ» አለችኝ። ላካ የምንለው እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ፣ ቀለም የሌለው ቅብ ነው።

«ቀለም ታዲያ ለምን ተፈጠረ?»

«ጉድ ለመሸፈን ነዋ!»

መልሱን ወደድኩት። ሰውንም ብረትንም የሚበላው የተሸፈነ ነገር ነው እያልኩ ነው ያሳደግኋት።

ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው። ብረቱ ነጣ፤ ቱቦዎቹ የተገናኙበት ናስ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ላካ ግን ይቅር አይልም። ከመርጨትህ በፊት ብረቱን በቲነር ትጠርጋለህ፤ ከጠረግህ በኋላ ባዶ እጅ አይነካውም። በእጅ ላይ ጨው አለና። ልጄ አንዴ በጣቷ ጫፍ ብትነካው የጮኽኩባት ጩኸት ጎረቤት ሰምቶታል።

ልንረጭ ባልነው ጧት ሽማግሌው በምርኩዝ ወደ ጓሮ ወረዱ። በሽቦ የተንጠለጠለውን ፍሬም ዞረው አዩት።

«ራቁቱን አስቀራችሁት?»

«ሳባ፣ ፋሽኑ እንዲህ ነው» አለች ልጄ፤ አያቷን በዕብራይስጥ «ሳባ» ነው የምትላቸው።

«ብረት ራቁቱን ሲሆን ይሰማል» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አግዳሚውን ቱቦ በቀኝ እጃቸው ጨበጡና መረቁ፤ «ከመኪና ይሰውርሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ወጥተሽ ግቢ!» ብለው በአገራችን ወግ ሦስት ጊዜ እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ አሉበት። ምራቁ በጣቶቻቸው መካከል ሲወርድ አይቻለሁ።

እኔ ቲነር የነከርኩትን ጨርቅ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። የሽማግሌ ምርቃት በሽማግሌው ፊት እንዴት ይጠረጋል? እሳቸው ከሄዱ በኋላም እጄ እምቢ አለኝ። ግራና ቀኙን ጠረግሁ፤ ያቺን አንድ ስንዝር ዘለልኳት። ልጄ ስትጠይቀኝ «ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርጌዋለሁ» አልኳት። ረጨሁት፤ እንዲደርቅም በሕንፃው ምድር ቤት ባለው የቦንብ መጠለያ፣ በሚክላቱ ውስጥ ሰቀልነው። ያን ቀን ምንም አልታየበትም።

በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌው ተኝተው አልነቁም። ሰባቱን ቀን ተቀመጥን፤ ሠላሳውንም አወጣን። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የለቅሶውን ወንበር ልትመልስ በቀትር ወደ ሚክላቱ ወረደች። ስትዘገይ ተከተልኳት። ወንበሮቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። እሷ ፍሬሙ ፊት ቆማለች።

«አባየ እዚህ ነው» አለችኝ።

ከላካው ሥር፣ አግዳሚው ላይ እጅ ወጥቷል። ሻይ የመሰለ ቡናማ፤ አውራ ጣት ከታች፣ አራት ጣት ከላይ፤ የቀለበቱ ጣት ከእኩሌታው ተቆርጧል። ላካውን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነው። እጁ ያለው ከውስጥ ነው። ከየጣቱ ጫፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት ክር ወጥቶ መሄድ ጀምሯል።

ልጄ ስታየው ሳቀች። «እማ፣ ሳባ ሳይሰናበተኝ ሄደ ትይ አልነበር? ይኸው ፈርሞልሻል።»

«ዝም በይ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ባለቤቴ በእስክሪብቶ የክሮቹን ጫፍ ላካው ላይ ምልክት አደረገች። በሳምንቱ ክሮቹ ምልክቱን አልፈዋል። ሌላ ምልክት አደረገች፤ እሱንም አለፉት። ያኔ ነው የሕፃንነቷን ነገር የነገረችኝ። አባቷ ማረሻ ተሸክመው ወደ ገበያ ሲያልፉ የመንደሩ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፤ ሲመሽም ጅብ ይሆናል እያሉ።

«እውነታቸውን ይሆን እንዴ?» አለችኝ። «ሞቶ እንኳ ብረቱን አልለቀቀም እኮ።»

እውነቱን እጁን ባየሁባት ደቂቃ አውቄው ነበር። ጨው ነው፤ ላብና ምራቅ ነው፤ ያልጠረግሁት ስንዝር ነው። የሚክላቱ እርጥበት አሳደገው። ሆኖም «እኔ እንጃ» አልኳት። በልጄ ላይ የጮኽኩበትን ሕግ ራሴ ማፍረሴን መናገር አፈርኩ። ለሌላው ስሰብክ የኖርኩት ሰው አምስት ሳምንት ዝም አልኩ።

በመካከሉ ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ወለደች። ደረጃ ላይ አገኘችንና ሕፃኑን ለባለቤቴ ዘረጋችላት። ባለቤቴ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። «ጉንፋን ይዞኛል» አለች። ጉንፋን አልያዛትም። ቡዳነት በዘር ይወርዳል ይባላል። ልጁን ላለማየት ነው።

ያን ቀን ነገርኳት። አላመነችኝም። «ልታጽናናኝ ነው» አለች። ስለዚህ ቁራጭ ቱቦ ከሥራ ቦታ አመጣሁ፤ ፈተግሁት፤ እሷ እያየች እትፍ ብዬበት በገዛ እጄ ጨበጥኩት፤ ላካ ረጭቼ ከፍሬሙ ጎን ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ ወደ ሚክላቱ ስወርድ ደስ አይለኝም ነበር። የማውቀውን ነገር እየጠበቅሁ ለምን እንደምፈራ ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም። መብራቱን ሳበራ መጀመሪያ የማየው ቱቦውን ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አምስት ጣቴ ቡናማ ሆኖ ብቅ አለ።

ባለቤቴን ጠራኋት። አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች።

«ያንተም?»

«የእኔም።»

«እንግዲያው አንተም ቡዳ ነሃ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «አንዲት ስንዝር አልጠረግሁም ማለት አቅቶህ አምስት ሳምንት አባየን አሰደብከው። የዚያ አገር ሰው የሰደበው ይበቃው ነበር።»

ውሸት የሚከፋው በተናገሩት ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲፈራ እያዩ ዝም ማለትም ውሸት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልጻፍ። የእኔ እጅ ክሮች እንዳገኙ በየአቅጣጫው ሄደዋል። የእሳቸው ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ወደ በሩ ነው የሄዱት። ምክንያቱን ፈልጌ አላገኘሁም። ይህንንም ነገርኳት።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች። ከዚያ «አሁን ጥረገው» አለችኝ።

ፈተግሁት። በወረቀቱ ላይ ቀይ ዱቄት ወጣ። ብረቱ ሲነጣ የጣቶቹ ጉድጓድ ቀረ፤ ጥልቀቱ ከጥፍር ያነሰ ነው። ቱቦው ስስ ስለሆነ ከዚያ በላይ ብሞርደው ልጄን ሊሸከማት አይችልም። ጓንት አድርጌ፣ ሁሉንም ጠርጌ፣ እንደገና ላካ ረጨሁት። ልጄ የድሮ ብስክሌቷን ጎማ ገጥማበት አሁን ወደ መሀል ከተማ በሱ ትወርዳለች። ከጎን ብርሃን ሲመታው ጉድጓዶቹ ይታያሉ።

ባለቤቴ የሕፃን ልብስ ገዝታ ላይ ፎቅ ወጣች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ትከሻዋ ላይ ልጁ ያስመለሰው ወተት ነበር።

ፍሬሙ ሁለት መቶ ሃምሳ፤ የመጀመሪያው ላካ፣ ቲነርና ወረቀት መቶ ሰማንያ፤ በእኔ ጥፋት የተደገመው ሌላ መቶ ሰማንያ፤ የሕፃኑ ልብስ መቶ ሃያ። ለሁላችንም ሲደመር ሰባት መቶ ሠላሳ ሸቅል።