አንቀጽ ሰባት መታጠቢያ ቤት ሲገባ

ቀለሜ ቅጽል ስሟን ያገኘችው እንደ ሌላው ቀለሜ በንባብ አይደለም፤ ከእጇ ቀለም ስለማይጠፋ ነው። ማተሚያ ቤት ተቀጥራ የሠርግ ካርድና የብስኩት ካርቶን ትነድፋለች። ሙሽራን ከእርግብ፣ ብስኩትን ከወተት ማጋባት ታውቅበታለች። ማንበብን ግን እንደ መርፌ ትሸሸዋለች።

ስለዚህ ቤት ስትከራይ ውሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ፈረመች። ውሉን ለአከራይዋ ያረቀቀላቸው ጠበቃ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ነበርና፣ "የሥጋ ወንድሜ ጉድ አይሠራኝም" ብላ ተማመነች።

አንድ ጠዋት ፊቷ በሳሙና እንደተሸፈነ ሻወር ስር ቆማ ሳለ በሩ ብርግድ አለ። አከራይዋ ነበሩ። በጫማቸው ድምፅ የተነሳ የግቢው ተከራዮች "እትዬ ቋቋ" ይሏቸዋል፤ ጫማቸው እንጂ እጃቸው አንኳኩቶ አያውቅም።

"አይዞሽ፣ ቧንቧው ያንጠባጥብ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" አሉ።

"እትዬ! ራቁቴን ነኝ እኮ!"

"እኔ እንደሆነ ያየሁት ቧንቧውን ነው። ደግሞ ውሉን አንብቢ!" ቧንቧውን ጠበቅ አድርገው ወጡ።

ቀለሜ ፀጉሯ ሳይደርቅ ወንድሟ ቢሮ ከች አለች። እሱም መነጽሩን አጥልቆ፣ ፍርድ ቤት የቆመ ይመስል ድምፁን አጎርንኖ አነበበላት፦ "አንቀጽ ሰባት። አከራይ ቤቱን በማናቸውም ጊዜ፣ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ የመመልከት መብቷ የተጠበቀ ነው።"

"የሳቸው መብት ተጠብቋል። እኔንስ ማን ይጠብቀኝ?"

"ለምን ሳታነቢ ፈረምሽ?"

"የጻፍከው አንተ ነሃ!"

"እኮ! እኔን እያወቅሽኝ!"

ተናዳ ወጣች። ሲናደዱ መሳደብ ያለ ነው፤ ቀለሜ ግን ስትናደድ ትነድፋለች። ውሉን ቁጭ ብላ፣ ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከዚያ ገጹን ለሁለት ከፍላ የተከራይን ግዴታ በሰማያዊ፣ የአከራይን በአረንጓዴ ጻፈች። ሰማያዊው ጎርፍ ሆነ። በአረንጓዴው በኩል ጥቂት መስመር ብቻ ጠብ ብሎ፣ የቀረው ባዶ ገጽ እንደ ራሰ በራ ወለል አለ። ለየአንቀጹም ሥዕል ሠራች። አንቀጽ ሰባት ላይ ከራሳቸው የሚበልጥ ቁልፍ የተሸከሙ ሴትዮ የሻወር መጋረጃ ይገልጣሉ።

"ይሄ ስድብ ነው!" አለ ወንድሟ፣ ቢሮው ይዛለት ስትመጣ።

"አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሁሉም ያንተ ነው።"

"እዚህ ጋ ደግሞ ተከራዩ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል?"

"ያድሳላ! 'ማናቸውንም ብልሽት ተከራይ ያድሳል' አላልክም?"

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበው። "ብያለሁ" አለ ቀስ ብሎ፤ "ለማለት የፈለግኩት ግን እንደሱ አልነበረም።" ወዲያው ግን አገገመ። "አንቺስ? 'ቧንቧው በእርጅና የተበላሸ ካልሆነ በቀር' የሚለውን የት ጣልሽው?"

እውነቱን ነው፤ ጥላዋለች። 'ካልሆነ በቀር'ን ለመሳል ስንት ወረቀት አበላሸች፤ ሐረጉ ግን መልክ የለውም። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ውሉ በሥዕል ይታደስ፣ ከየሥዕሉ ሥር ቃሉ ይቀመጥ፣ ቃሉን ግን እሱ አሳጥሮ በሰው ቋንቋ ይጻፈው።

ሁለቱም ተያይዘው እትዬ ቋቋ ዘንድ ሄዱ። ሴትዮዋ ሥዕሉን አቅርበው፣ አርቀው አዩት።

"ይቺ ማን ናት?"

"አከራይ ናት" አለች ቀለሜ።

"ጫማዋ የኔ ነው።"

ጠበቃው ኮርኒሱን ያጠና ጀመር። እሳቸው ግን ሥዕሉን አላስቀመጡም። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። "በስመ አብ! እንዲህ ነው እንዴ የምመስለው? አንደኛ፣ ወገቤን ቀንሺ። ሁለተኛ፣ ከበሩ ውጭ አቁሚኝና ላንኳኳ።"

"መቼ?" አለ ጠበቃው፣ እስክሪብቶ መዝዞ።

"ከአንድ ቀን በፊት ተናግሬ። ቧንቧ ከፈነዳ ግን ለማንም አላንኳኳም!"

እሑድ ከሰዓት ተከራዮቹ ሁሉ አዲሱን ውል ሊፈርሙ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ድሮ ሻይ ሳይበርድ ያልቅ የነበረው ፊርማ እስኪመሽ ቆየ። ጡረተኛው አስተማሪ ስለ ልብስ ማስጫው ገመድ ተከራከረ፤ ነርሷ ውሻዋ ሥዕሉ ውስጥ እንዲገባላት ጠየቀች፤ ጠበቃውም እያንዳንዱን ክርክር ሲመዘግብ ላቡ ጠብ አለ።

"ሳያነቡ ሲፈርሙ እንዴት ያለ ሰላም ነበር!" አሉ እትዬ ቋቋ፣ ተጨማሪ ወንበር ሊያመጡ እየተነሱ።