ቲነር የሚበሉት

ክፍለማርያም ሳውዝ ሲ በሚባል የባዕድ ከተማ ሰፈር ውስጥ መኪና መቀባት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አስመራ የተማረው ሙያ ነው፤ ቀለሙ ላይ እንከን አይገኝበትም። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው የድሬዳዋዋ ሙርሺዳ ግን አስም አለባት። የቀለም ማቅጠኛው የቲነሩ ሽታ ቢያፍናት ጊዜ፣ «ጋሽ ክፍሌ፣ እስከ ፋሲካችሁ እታገሣለሁ፤ ከዚያ ለካውንቲው፣ ለከተማው አስተዳደር፣ አመለክታለሁ» አለችው። ካመለከተች ጋራዡ እንደሚዘጋ ያውቃል።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ሓርነት ሰው የሚያህል ሣጥን በእንጨት ፍቅፋቂና በእርጥብ ፍግ ሞላች፤ ከመቀቢያው ክፍል አየሩን ስቦ በፍጉ ውስጥ የሚያሳልፍ ፋን ገጠመችለት።

«ባባ፣ ፍጉ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሉ። ቲነሩን ይበሉታል። የሚተርፈው ውሃና እኛም የምናስወጣው ዓይነት ትንፋሽ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት እኔን ሲበላኝ የኖረውን?»

በሁለት ሳምንት ሽታው ጠፋ። ክፍለማርያም ጠዋት ጠዋት ሣጥኑ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል፤ ምንም አይሰማም። በዓይን የማይታይ ፍጥረት ያንን መርዝ እንደ ምሳ ይበላዋል። ይህን ባሰበ ቁጥር ሰውነቱን ውርር ያደርገዋል።

ሕማማት ሲገባ እንደ ልማዱ ጋራዡን ዘጋ፤ ፋኑንም ፍጉን የሚያርሰውን ውሃም አጠፋ። ለሓርነት አልነገራትም፤ በዓል ነው፣ ምን ይነገራል? ከፋሲካ በኋላ አንድ ማታቱ፣ የሕዝብ ሚኒባስ፣ መቀባት ሲጀምር ሽታው ግቢውን ሞላው። ከአጥሩ ማዶ ሳል ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ለሓርነት ደወለ።

ሓርነት መጥታ ፍጉን ዳሰሰችው። ደርቋል።

«ባባ፣ ስምንት ቀን ሙሉ አስራብካቸው እኮ።»

«አስጾምኳቸው በይኛ» አለ አፍሮ። «ሞቱ?»

«ሁሉም አይሞቱም። ውሃና ትንሽ ትንሽ ቲነር እንስጣቸው፤ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ።»

ሙርሺዳ ዘንድ ራሱ ሄዶ ጥፋቱን ተናገረ። ሳቋ አመለጣት። «ጾም ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። አንድ ሳምንት ይጨመርላቸው» አለችው።

ሣጥኑን አጠጣ። በየጠዋቱ ትንሽ ቲነር በክዳን አድርጎ፣ ለታማሚ ሾርባ እንደሚያቀርብ ሰው ፋኑ ፊት ያስቀምጥላቸው ነበር።

ሳምንቱ በሞላ ዕለት ማታቱውን ማልዶ ያዘው። ልክ አምስት ሰዓት ላይ ሙርሺዳ ከአጥሩ ማዶ ተጣራች።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቴን ከፍቼ እየጠበቅኩ ነው። የፋኑን ሞተር ብቻ ነው እንዴ የሚያስጮኹት? መቼ ነው መቀባት የሚጀምሩት?»

ማታቱው ተቀብቶ አልቋል። ክፍለማርያም ወደ ሣጥኑ ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ።