የቀኝ ዓይኔ እንባ

ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆር የጀመረኝ ቦሌ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለሁ ነው። ጠዋት ጠዋት የዓይኔን ቆብ በጣቴ ነበር የምገልጠው። ትዕግሥተኛው ሽማግሌ ሐኪም አየኝና፣ «እንባሽ ትንሽ ናት፤ ያችም ቶሎ ትወርዳለች» አለኝ። ለካ በዓይን ጥግ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድባት የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። እሷን በጋለ ሽቦ ተኩሶ መዝጋት ይቻላል።

«ከተዘጋች ግን መክፈቱ ከባድ ነው። ነፋስ ሲነካሽ እንባው ሞልቶ በጉንጭሽ ሊወርድ ይችላል። አንዱን እንሞክርና ሌላውን ኋላ እናስብበታለን» አለ።

እኔ ደግሞ መቼም ችኩል ነኝ፣ «ይተኮስ!» አልኩ። ቀኙ ተተኮሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ታናሽ ወንድሜን ገደሉት። ከቤት ወስደውት ነበር፤ ሬሳውን መንገድ ዳር ያየ ጎረቤት መጥቶ በጆሯችን ሹክ አለን። ያኔ «ፀረ አብዮት» ተብሎ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነው። ድንኳን የለ፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ የለ። ያለቀሰ ቤት ሌላ ልጅ ይወሰድበታል ይባላል፤ ለእናቴ የቀረኋት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ትራስ ነክሳ ቆየችና ተነስታ ፊቷን ታጠበች። «ሆድ ይፍጀው» አለችኝ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ መቅረት አይታሰብም። ሜዳው ላይ ቆመን ነፋሱ ፊታችንን ይገርፈናል። ቀኝ ዓይኔ ሞላ። ጠረግኩት፤ መልሶ ሞላ። ግራዬ ድርቅ እንዳለ ነው። ሊቀ መንበሩ ንግግሩን አቋረጠ።

«አንቺ! ለማን ነው የምታለቅሺው?»

እግዚኦ! እናቴ ከጎኔ ክንዴን ጨመደደችው።

«አላለቀስኩም፣ ጓድ። ሕክምና ተደርጎልኝ ነው።»

ሐኪሙ ለመሥሪያ ቤቴ የጻፈልኝን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አነበበው፤ ቀርቦ አንዱን ዓይኔን ከሌላው ጋር አስተያየ።

«ለዚያ ለወንድምሽ አይደለም?»

«ለእሱ አላለቅስም!» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ እናቴ እየሰማች። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ያ ድምፅ ዛሬም ብቻዬን ስሆን ይመጣብኛል፤ ሬዲዮ ብከፍትም አይሸፍነው። ሰውየው ወረቀቱን መለሰልኝና ወደ ንግግሩ ተመለሰ።

እስከ ቤት ድረስ እናቴ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ልትረግመኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በሩን ዘጋችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ማንበብ አትችልም፤ ጣቷን ማኅተሙ ላይ አመላለሰች።

«እንዲህ ያለ ለእኔም አጽፊልኝ» አለች።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ግራውን ላዘጋ የመጣሁ መስሎት ወንበር ሳበልኝ። «ግራው ይቆይ» አልኩና የእናቴን ነገር ነገርኩት። ምንም ሳይጠይቅ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት።

እናቴ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ ልጇን አለቀሰች። አላፊ አግዳሚው «ምን ሆኑ፣ እማማ?» ሲላት፣

«ዓይኔን አሞኝ ነው፣ ልጄ» ትላለች።