ዝናብ የገባበት ማመልከቻ

መልአክ ዘጠኝ ዓመት በራሪ ወረቀት ሲጽፍ ኖሯል። ስለ ግብር፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እጅ መታጠብ፤ ሁሉም «ታላቅ» ነበር፣ ሁሉም በቃለ አጋኖ ያልቅ ነበር። ከጽሑፎቹ አንዱ እስከ መጨረሻው ሲነበብ ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባቢሌ ላይ የገዛው ለውዝ የተጠቀለለው በእሱ ወረቀት ስለነበር ራሱ አነበበው። ለውዙ ይሻል ነበር።

በ2011 ይሠራበት የነበረው የመንግሥት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሲታጠፍ፣ ጅግጅጋ ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። እዚያም አመሉ አልለቀቀውም፤ ፍየል የጠፋባት ሴት እንኳ «ከምንጊዜውም በላይ» ነበር የምታመለክተው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ፌኔት አንዱን ማመልከቻ ስታባዛለት መታገሥ አቃታት።

«መልአክዬ፣ የምትጽፈው ሰው ሆነህ ነው ወይስ ድምፅ ማጉያ?» አለችና ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ አዋሰችው። «ቀስ ብለህ አንብበው። ብዕርህ ይታረም ይሆናል።»

ቀስ ብሎ ማንበብ ለመልአክ ኦዲት ነበር። በቀይ እስክሪብቶ አሰመረ፤ ዓረፍተ ነገሮቹን በደብተር ገለበጠ። ከሁለት ወር ምርምር በኋላ ሁለት ነገር ደረሰበት፤ ጥሩ ጽሑፍ በዝናብ ይጀምራል፣ ዋናው ነገርም እስከ መጨረሻው ይደበቃል። ይህን ያህል ዓመት እንዴት ሳላውቀው ኖርኩ ብሎ በራሱ ተደነቀ።

ዐናብ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የግመል ወተት የሸጠችበት ቦታ ለመንገድ ፈርሶባታል። ምትክ ቦታ ያገኙት ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሟ የለም። ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ካለፈ ቦታ የለም፣ ወተት መሸጥም ቀረ።

መልአክ ጻፈላት። «ሰማዩ በካራማራ በኩል ጠቁሯል። አንዲት ሴት ጀሪካኗን አቅፋ ቆማለች...» ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የሚታወቀው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ ከማስፈረሙ በፊት ለባለጉዳዩ ያነባል፤ ወጉ ነው። መልአክ ግን «መጨረሻውን ካወቅሽው አይጥምሽም» ብሎ ሳያነብላት በጣት አሻራ አስፈረማት።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። ቅሬታ ተቀባዩ ዐብዲወሃብ ዳር ላይ ጽፎበታል፤ «አመልካች አልታወቀም። የተጠየቀ ነገር የለም።»

«አንብብልኝ» አለችው። አነበበላት።

«ዝናብ ነበር እንዴ?»

«አልነበረም። እንዲያው ለማሳመር...»

«ያቺ ሴትስ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ? ከዝርዝሩ የደበቁኝ አይበቃም?» ጀሪካኗን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። «ወላል፣ ወንድሜ፣ እኛ እንግዳ ሲመጣ ‹ዋራን› እንለዋለን፣ ወሬህን ንገረን። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ገጠመህ። ስለ ዝናብም እንጠይቃለን። ግን ስለ ዝናብ አይዋሽም። ሰው አምኖ ከብቱን ወደዚያ ነድቶ ይሄዳል!»

መልአክ ራሱን ሊከላከል ልብ ወለዱን ገለጠ። ዝናቡ አለ፣ በቀይ ተሰምሮበታል። ከዝናቡ በፊት ግን ያላሰመረበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ የአንዲት ሴት ስምና ከመጨለሙ በፊት የት መድረስ እንዳለባት። ዝናቡ የመጣው መንገድ ሊዘጋባት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጭቃውን ሲያጠና ሴትዮዋን ረግጧት አልፏል።

አዲስ ወረቀት አወጣ። «አጠገብሽ ማን ነበር የሚሸጠው?»

ነገረችው፣ ጻፈ፣ መልሶ አነበበላት። «እኔ ዐናብ ጃማ ነኝ። በግራዬ ኢዲል ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፣ በቀኜ ዋርዳ ጨርቅ። ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ አሉ። በመካከላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ምትክ ቦታ ይሰጠኝ!»

ዐናብ ማንበብ አትችልም። ጣቷን ግን መጨረሻው ላይ አሳረፈች። «ይህ እንጨት ምንድን ነው?»

«ቃለ አጋኖ።»

«ምን ይሠራል?»

ዘጠኙን ዓመት አሰበ። ሰረዘው።

ሐሙስ ዐብዲወሃብ ቆሞ አነበበውና «ኢዲልንና ዋርዳን ጥሪልኝ» አላት። ሁለቱም መጥተው መሰከሩ፤ ከሰዓት በዝርዝሩ ግርጌ ስሟ ገባ። መልአክ ሄዶ አየው። ሁለት ቃል ነው፣ ዐናብ ጃማ። በሕይወቱ እንደዚያ ደጋግሞ ያነበበው ጽሑፍ የለም። የጻፈው ግን ዐብዲወሃብ ነው።