የጋሼ ፍሬን እግር

ተማሪዎቹ ከኋላው “ጋሼ ፍሬን” ይሉታል። እሱ አያውቅም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ፀጉሩን ያሸበተው መኪና መንዳት ሲያስተምር ነው። የሚመጡለትም ልጆች አይደሉም፤ በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው የዕለት ጉርስ ፍለጋ መሪ የጨበጡ ሰዎች ናቸው። አናጢ አለ፣ ከፋብሪካ የተቀነሰ አለ፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች እናት አለች። ትልቅ ሰው ማስተማር ቀላል እንዳይመስላችሁ! ልጅ ሲሳሳት ይስቃል። ትልቅ ሰው ግን ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ነዳጅና ፍሬን ይምታታበታል።

የማስተማሪያ መኪናዋ በመምህሩም በኩል አንድ ፍሬን አላት። ተማሪ ሲደነግጥ እንዲደርስለት ተብሎ የተገጠመ ነው። ጋሼ ፍሬን ግን ተማሪው እስኪደነግጥ የት ይጠብቃል! እግሩ ፔዳሉ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ተማሪው ገና ለማቆም ሲያስብ እሱ ቀስ አድርጎ ይጫናል፤ መኪናዋ ሳትነቀነቅ ቀጥ ትላለች። ተማሪው ደግሞ “በቃ ቻልኩ!” ብሎ ይኩራራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የሱም እግር እንደዚያው ሆነ።

ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። ታናሽ ወንድሙን መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ወንድሙ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ የጭነት መኪና ተሰጠው፣ ተሳስመው ተለያዩ። ብዙም ሳይቆይ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሬሳው መጣ። ያየ ሰው አልነበረም። ፍሬን እምቢ ብሎት ይሁን፣ እንቅልፍ ጥሎት ይሁን፣ የሚነግረው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ውስጡን ይበላዋል፦ ምን ሳላስተምረው ቀረሁ?

ወንድሙም አልሄደለትም። የኋላ ወንበር ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አይናገርም፣ አይወቅስም፣ መንገዱን ብቻ ያያል። ጋሼ ፍሬን ሲዞር የለም፤ በመስታወት ሲያይ አለ። ስለዚህ በመስታወት ማየት ተወ። “መስታወት እዩ! መስታወት እዩ!” እያለ ተማሪ ያደነቁራል፤ እሱ ራሱ ግን ዓይኑን አያነሳም። ወይ ጉድ!

ታዲያ አንዲት ሴት መጣችለት። ባሏ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ዓይኑ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ አየችና “እኔው እነዳዋለሁ” ብላ ተነሳች። ሁለት ጊዜ ተፈተነች፣ ሁለት ጊዜ ወደቀች። የፈታኙ መኪና ሁለተኛ ፍሬን የለውማ! ፔዳሉን እንደ ትኩስ ድስት ነካ አድርጋ ለቀቀችው፤ መኪናው መስመሩን አልፎ ሄደ። ሦስተኛው ፈተና ደርሷል። አሁንም ከወደቀች ሚኒባሱ ይሸጣል፤ ገዢው መጥቶ አይቶታል።

አንድ ቀን ባሏን ይዛው መጣች። “ከኋላ ተቀምጬ አነዳዷን ልስማው” አለ ሰውየው። ጋሼ ፍሬን “ሰው አለበት” ሊል ብሎ ከአፉ መለሰው። ዓይነ ስውሩ ገብቶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤ እጆቹንም ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጋሼ ፍሬንን ላብ አጠመቀው። ያን ቀን እግሩ ከፔዳሉ ላይ አልተነሳም።

በማግስቱ ሴትዮዋ ብቻዋን መጣች። ሞተሩን ሳታስነሳ ወደሱ ዞረች።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝም?”

“መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?”

“ኧረ በየቀኑ!” ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም። “ይቺን መኪና የማቆማት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?”

እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሳብ አደረገ።

“ባለቤቴ ነው የነገረኝ። ‘አንቺ ከመርገጥሽ በፊት ከሱ በኩል ሲጢጥ ይላል’ አለኝ። ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ እኮ! ፈተናው ላይ እርስዎ አብረውኝ አይገቡም።”

“ለደህንነትሽ ብዬ ነው” ሊላት ፈለገ። አፉ እምቢ አለው። “ወንድሜን ያስተማርኩት እኔ ነኝ” አለ። “ሞተብኝ።”

“ነፍሱን ይማረው” አለች ቀስ ብላ። ጨካኝ ናት እንዳትሉ፣ “እኔንስ በቁሜ ሊቀብሩኝ ነው?” አለችው።

ይሄኔ ጋሼ ፍሬን ጫማውን አወለቀ። ሁለቱንም እግሮቹን ከወለሉ አንስቶ ወንበሩ ላይ አጣጠፋቸውና፣ ያን የሚያህል ሽማግሌ፣ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ።

“በቃ፣ ንጂ” አለ።

ወደ ገበያ የሚያወርደውን ቁልቁለት ያዙ። እጁ የበሩን መያዣ አንቆ ይዟል፤ ቀኝ እግሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ባዶውን ይረግጣል። ድንገት ከቆሙት መኪኖች መሃል ፍራሽ የተጫነበት የእጅ ጋሪ ብቅ አለ። የሚገፋው ሰው ከፍራሹ ጀርባ ነው፤ ምንም አያይም።

“የእናቴ ልጅ!” ብሎ ጮኸ ጋሼ ፍሬን፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

ሲገልጠው መኪናዋ ቆማለች። በፍራሹና በእነሱ መሃል አንድ ክንድ ያህል ቀርቷል። ሴትዮዋ መሪውን ወደ ጎን አልጠመዘዘችም፤ በጎን እግረኞች ነበሩ። አራቱም ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል። እሷ ከኋላ የሚመጣ እንዳለ መስታወቱን እያየች ነው።

“ይሄን ማን አስተማረሽ?” አለ።

“የቱን?”

“ፍሬቻውን፣ መስታወቱን፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዙን። እኔ መቼ አስተማርኩሽ?”

“ኧረ ጋሼ! ሌላ መምህር አለኝ እንዴ? ‘መሪ አትጠምዝዢ፣ ፍሬን ርገጪ፣ ኋላሽን እዪ፣ አራቱንም አብሪ’ እያሉ ጆሮዬን አልነበር የሚበሉት? ባሌ እንኳ በቃሉ ይዞታል!”

እሱ ማለቱን አላስታወሰም። ለስንቱ ሰው ሲለው ሳያውቀው ከአፉ የሚወጣ ነገር ሆኗል። ለእሷ ያለውን ታዲያ ለገዛ ወንድሙ ሳይል ቀርቶ ነው? ብሎታል እንጂ! ያውም እየደጋገመ፣ እየተቆጣ። ወንድሙ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ሁሉንም እያወቀ ሞተ። ይሄን ሁሉ ዘመን የረሳውን ነገር ሲፈልግ የኖረው፣ ሲያገኘው ወንድሙ የሚመለስ መስሎት ነው። የሚገኝ ነገር የለም።

ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። የኋላ ወንበር ባዶ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን አላለውም። የቀብሩ ዕለት እንኳ ጥያቄው አፍኖት እንባ አልወጣውም ነበር። አሁን ግን እንደ ሕፃን ድምፁን አውጥቶ፣ በባዶ እግሩ ወንበር ላይ እንደተኮራመተ፣ ለወንድሙ አለቀሰ።

ከኋላ ያሉ መኪኖች ክላክስ ማንጫረር ጀመሩ። ሴትዮዋ የእጅ ፍሬኑን ይዛ ትጠብቃለች።

“ጋሼ፣ ጋሪው አልፏል” አለችው። “ልሂድ ወይስ ጥግ ላቁም?”

“አንቺ ንጂ፣ እህቴ” አለ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። “አንቺ ንጂ፤ እኔ ላልቅስ።”