ስዕሉ ላይ የጨመርኳት ብሎን

ስዕል አውቃለሁ እያልኩ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ስዕል ስል የማሽን ስዕል ማለቴ ነው። እሱንም ቢሆን እኔ ራሴን እነቀንቅ ነበር እንጂ፣ የሚያነብልኝ አጠገቤ ብረት መላጊያው ቶርኖ ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ ነበር። አራተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ብረቱን ስጡኝ እንጂ ወረቀቱ አይገባኝም።

በድሬ በባቡሩ ወርክሾፕ አንድ ደንብ ነበረን። ስዕል ላይ ስህተት ከተገኘ በቀይ እርሳስ ታርሞ ይመለሳል። ቀዩ እርሳስ ግን ከአለቃው ኪስ አይወጣም። ጡረታ እስክወጣ አንድ ቀን እንኳ ሳልነካው ቀረሁ። ይቆጨኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አምና ከአዲስ አበባ አንዲት ቀራፂ መጣች። ብረትና ድንጋይ እየቀረጸች የምትኖር፣ ማሽን የምትወድ ልጅ ናት። የቆሙትን አሮጌ ማሽኖች እያዞርኩ አሳየኋት፤ የማውቀውንም የማላውቀውንም አስረዳኋት። ከወራት በኋላ አንድ ትልቅ ወረቀት ጠቅልላ ላከችልኝ። ድንጋይ ላይ በቅባት ቀለም ስላ፣ ከድንጋዩ ወረቀት ላይ ያተመችው መሆኑን ጽፋለች።

ዘረጋሁት። ጥቁር ክብ አለ። ግማሽ የማርሽ ጥርስ አለ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘንግ አለ። የቀረው ጭረት ነው። ያንን የቶርኖ ባልደረባዬን ከመጋላ ሰፈር አስጠራሁት።

"አቦ፣ ይሄማ የውሃ ፓምፕ ነው" አለ ገና ሳይቀመጥ።

"ፓምፕ ጥርስ አለው እንዴ? ፍሬን ነው።"

"ወላሂ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ፍሬን አይተህ አታውቅም!"

አንድ ነገር ላይ ግን ተስማማን። ዘንጉን ከክቡ ጋር የሚይዝ ብሎን የለም። ይሄ ነገር ቢሽከረከር ዘንጉ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ልጅቷ ረስታዋለች ማለት ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ የሰው ስጦታ ነው፣ ተወው" አለች ባለቤቴ።

መች ሰማሁ። በባጃጅ ቀፊራ ገበያ ሄጄ ቀይ እርሳስ ገዛሁ። ትንፋሼን ይዤ ብሎኗን ሳልኳት፣ ባለ ስድስት ጎን፣ ቆንጆ ብሎን። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ እንደ አለቃ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አየኋት።

በሳምንቱ ልጅቷ ደወለች። "አባባ፣ ድሬ ልመጣ ነው፤ ስዕሉን የት እንደሰቀሉት አያለሁ። የምን ማሽን ነው ብለው እንዳይቸገሩ ደግሞ፤ ማሽን አይደለም። ማሽን ሲሠራ ውስጤ የሚሰማኝን ነው የሳልኩት።"

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ለካ የሰው ስሜት ላይ ነው ብሎን ያሰርኩት! ልጅቷ አክብራ የላከችውን አበላሽቼባታለሁ። በላጲስ ፈተግኩት፤ ቀዩ ተለቀለቀና ብሎኗ የዛገች መሰለች። ባለቤቴ ላጲሱን ከእጄ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጣች። ልጅቷ ሄዳ ስዕሉ ፊት ቆመች።

"አባባ፣ ይቺ ቀይ ነገር ምንድናት?"

አይጥ ነው ልል ነበር። አይጥ ደግሞ ባለ ስድስት ጎን አይስልም። ሁሉንም አወጣሁት። ቀዩን እርሳስ፣ የአለቃውን ኪስ፣ ስዕል ማንበብ አለመቻሌን፣ ሁሉን። "ካልታሰረ ሰው ይገድላል ብዬ ነው" አልኳት በመጨረሻ።

መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ዓይኗን ጠርጋ "ደግሞኮ ገልብጠው ነው የሰቀሉት" አለችኝ። አውርዳ አቃናችው። ብሎኔም ከነዘንጉ ተገልብጣ ወደ ላይ ወጣች።

"ይሄን ለኔ ይስጡኝ" አለች። "ከዚያው ድንጋይ ሌላም አትሜያለሁ፤ ንጹሑን እልክልዎታለሁ።"

እንዳለችውም ላከች፤ መስታወት ውስጥ አስገብታ። መስታወቱ እንዳልነካው መሆኑ ገብቶኛል። ባለቤቴ ከሥሩ ተቀምጣ ቴሌቪዥኗን ታያለች። እኔ ወንበሬን ወደ በሩ አስጠግቻለሁ። ልጅቷ ስሜት ነው ብላኛለች፣ አምናታለሁ። ያልታሰረ ዘንግ ሥር ግን አልቀመጥም።